ኬንያ፣ ዲያኒ የባሕር ዳርቻ ላይ ቪላ ገዝቶ ማከራየት ያዋጣል?

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። አሳጥሬ ላስፍረው፦

«እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሆስፒታል ውስጥ ነው የምንሠራው። የአሜሪካ ዜግነት አለን። ለዓመታት ያጠራቀምነው ገንዘብ አለ። ባለፈው የገና ሰሞን ኬንያ ሄደን ዲያኒ ባሕር ዳር ሰነበትን። እዚያ አንድ ደላላ ባለ ሦስት መኝታ ቪላ አሳየን። መዋኛ ገንዳ አለው፣ ከባሕሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ዋጋው 250 ሺህ ዶላር። ‹ፍሪሆልድ ነው፤ እኛው እያከራየንላችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በዓመት 10 በመቶ ዋስትና እንሰጣለን› ብለውናል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ድርሻ ይኑረኝ እያለ ነው። እንደ ኢንቨስትመንት ያዋጣናል? ወይስ ዛንዚባር ይሻላል?»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እኔ ናይሮቢ ሆኜ የንብረት ሰነድ ማጣራትና የቤት ግምት ላይ ነው የምሠራው። ስለዚህ መልሴ የደላላ አይሆንም። በነገርሽኝ ዋጋና በነገሩሽ ውል ከሆነ፣ አያዋጣችሁም። በሌላ ዋጋና በሌላ ውል ሊያዋጣ ይችላል። እዚያ እንድንደርስ ግን ሁለት ነገር ማጥራት አለብን። አንደኛው «ፍሪሆልድ» የሚሉት፣ ማለትም ያለ ጊዜ ገደብ የራስ የሚሆን የመሬት ይዞታ ነው። ሁለተኛው ያ 10 በመቶ ከየት እንደሚመጣ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ከመሬቱ ልጀምር። የኬንያ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በ2010 ነው። አንቀጽ 65 ላይ በግልጽ የሰፈረ ነገር አለ፦ የኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት መያዝ የሚችለው በሊዝ ብቻ ነው፣ ሊዙም ከ99 ዓመት አይበልጥም። ውሉ ላይ «ለዘላለም» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ሕጉ የሚያውቀው 99 ዓመቱን ብቻ ነው። ከ2010 በፊት የውጭ ሰዎች የያዙት ፍሪሆልድና የ999 ዓመት ሊዝም በዚያው ሕገ መንግሥት ወደ 99 ዓመት ወርዷል። እናንተ የአሜሪካ ዜጎች ናችሁ። ስለዚህ ሻጩ ኬንያዊ ሆኖ ካርታው ፍሪሆልድ ቢሆን እንኳ ወደ እናንተ ሲዞር ሊዝ ነው የሚሆነው። ለኢትዮጵያ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባም የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው። ችግሩ ሊዝ መሆኑ ላይ አይደለም። የፍሪሆልድ ዋጋ ከፍላችሁ ሊዝ መውሰዳችሁ ላይ ነው።

ካርታው ከመጀመሪያውም ሊዝ ከሆነ ደግሞ ስንት ዓመት ቀረው? ባሕር ዳር ብዙ ቤቶች የቆሙት በአሮጌ ሊዝ ላይ ነው። በ1970 የተሰጠ የ99 ዓመት ሊዝ በ2069 ያበቃል። ዛሬ ሩቅ ይመስላል። እናንተ ከ20 ዓመት በኋላ ልትሸጡት ስትወጡ ግን ገዢው የሚያየው ከ25 ዓመት ያነሰ ነገር ነው፣ ባንክም ለዚያ ብድር አይሰጥም። ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። በኬንያ የመሬት አዋጅ አንቀጽ 13 መሠረት ሊዝ ሲያበቃ መሬቱን መልሶ የመውሰድ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቀድሞው ባለ ሊዝ ነው፣ ግን ዜጋ ከሆነ። ለውጭ ሰው ያ ቅድሚያ በሕጉ የለም። ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ የማግኘት መብት ግን አይደለም። የቀረው ዓመት ከ60 በታች ከሆነ እኔ ዋጋውን ቁርጥ አድርጌ ነው የማወርደው።

ከዚህ በኋላ አንዱ «ቀላል ነው፣ በኬንያዊ ጓደኛ ስም እናዙረው» ይላችኋል። ወይም «ኩባንያ እናቋቁምና ኬንያዊ ባለ አክሲዮን እናስገባ» ይላል። አይሠራም። ሕገ መንግሥቱ አንድን ኩባንያ እንደ ዜጋ የሚቆጥረው ሙሉ በሙሉ በዜጎች የተያዘ ከሆነ ብቻ ነው። አንዲት አክሲዮን በእናንተ ስም ካለች የውጭ ነው። በሰው ስም ማዞር ደግሞ ቤቱን መስጠት ማለት ነው፤ ጓደኝነቱ የከፋ ዕለት የሚያስመልስላችሁ ወረቀት አይኖርም።

የባሕር ዳሩ መሬት የራሱ ታሪክም አለው። ከባሕሩ ወደ ውስጥ አሥር ማይል ያህሉ ቀድሞ የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ነበር። እንግሊዞች ከ1895 ጀምሮ በስምምነት አስተዳደሩት፣ በ1963 ከኬንያ ጋር ተቀላቀለ። በ1908 የወጣው የመሬት ሕግ «ባለቤት ነኝ የሚል ይቅረብና ያስመዝግብ» አለ። የተማሩትና ከቢሮው ጋር የሚተዋወቁት አስመዘገቡ። ብዙው የአገሬው ሰው ቀረ። በዚህ የተነሳ ዛሬም በሌላ ሰው ካርታ ላይ ለትውልድ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። በሕጉም ሰው በግል መሬት ላይ በግልጽ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ተቃውሞ 12 ዓመት ከተቀመጠ ባለቤትነት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከቪላው ጋር «ባዶ ቦታም አለ፣ በርካሽ እንጨምርላችሁ» ቢሏችሁ ሜሪላንድ ሆናችሁ የምትጠብቁት ነገር አይደለም።

ከነፃነት በኋላም የሕዝብ ቦታ እየተቆረሰ ለባለሥልጣናት ተሰጥቷል፣ እነሱም ሸጠውታል። እዚህ ላይ አንድ ፍርድ ማወቅ አለባችሁ። ሞምባሳ ኛሊ ውስጥ ባሕሩን የነካ አንድ ቦታ ነበር። በ1989 ለያኔው ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ተሰጠ። ከዚያ ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ አለፈና ዲና ማኔጅመንት የተባለ ኩባንያ ዘንድ ደረሰ። በ2017 ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ወደ ባሕሩ የሚያስገባው የሕዝብ መንገድ ነው ብሎ አጥሩን አፈረሰ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በኤፕሪል 2023 ፍርዱ ወጣ፦ መጀመሪያ የተሰጠው ከሕግ ውጭ ስለነበር ካርታው ሕጋዊ መብት አላመጣም፤ «እኔ በቅን ልቦና ነው የገዛሁት» ማለትም ኩባንያውን አላዳነውም። ከዚህ ፍርድ በፊት ብዙ ጠበቃ የመዝገብ ቤት ማጣሪያ ወረቀት አውጥቶ «ንጹሕ ነው» ይልና ይጨርስ ነበር። አሁን ያ በቂ አይደለም። ጠበቃችሁ ወደ ኋላ ሄዶ ቦታው ከመጀመሪያው ለማን፣ በምን ውሳኔ፣ ከምን ዓይነት መሬት ላይ እንደተሰጠ ማየት አለበት። ሥራው ረዘም ይላል፣ ዋጋውም ጨመር ይላል። እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

የእናንተ ቤት ሁለተኛው መስመር ላይ መሆኑ በአንድ በኩል ጥሩ ነው። በኬንያ የቅየሳ ደንብ የመንግሥት መሬት ለግል ሲሰጥ ከከፍተኛው የማዕበል ምልክት በላይ ቢያንስ 60 ሜትር ለመንግሥት ይተዋል። ፊት ለፊት ያሉት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጨቃጨቁት በዚህ ነው። በሌላ በኩል ሁለተኛ መስመር ማለት ወደ ባሕሩ የምትደርሱት በሌላ ሰው በኩል ነው ማለት ነው። ደላላው በየትኛው መንገድ ይዟችሁ ሄደ? ያ መንገድ በካርታ ላይ የተመዘገበ የመተላለፊያ መብት ነው ወይስ የጎረቤት ሆቴል ዘበኛ ስለፈቀደ ብቻ ነው? እንግዳ «ባሕሩ ሁለት ደቂቃ» ተብሎ መጥቶ በአስፋልት ዞሮ ሩብ ሰዓት ሲሄድ አስተያየት መስጫው ላይ ምን እንደሚጽፍ ታውቂዋለሽ።

የመሬቱ አጠቃቀም «ግብርና» ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነም ይታይ። ከሆነ የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ መግዛት አይችልም። ዲያኒ መሃል ላይ አይበዛም። ወደ ደቡብ ወደ ምሳምብዌኒ ወረድ ሲሉ ግን ያጋጥማል።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

የባሕር ዳር ቪላ ለእንግዳ የሚከራይ ከሆነ ትንሽ ሆቴል ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ለተከራይ ሰጥቶ በወሩ ኪራይ እንደመቀበል አይደለም። እንግዳ ይገባል፣ ይወጣል፣ አንሶላ ይታጠባል፣ ገንዳው ይጸዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር ይነሳል። ይሄን ሁሉ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው፣ እናንተ ደግሞ ሌሊት ፈረቃ ላይ ናችሁ። ስለዚህ ሒሳቡን እንደ ሆቴል ነው የምንሠራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የያዝኳቸው ናቸው፤ የቤቱን ትክክለኛ ወጪ ስታገኙ በእነሱ ተኩ።

ቤቱ 250 ሺህ ነው። የቴምብር ቀረጥ በከተማ ክልል 4 በመቶ ነው፣ ከከተማ ውጭ 2። ዲያኒ ከተማ ስለሆነ 10 ሺህ ዶላር። ጠበቃና ልዩ ልዩ 5 ሺህ እንበል። ገና ቁልፍ ሳትይዙ 265 ሺህ ወጥቷል። የቤት ዕቃ አብሮ ይሸጣል ብለን እንለፈው።

አንድ ሌሊት በአማካይ 180 ዶላር ይከራያል እንበል። ከዓመቱ 40 በመቶው ከተያዘ 146 ሌሊት ነው። 26,280 ዶላር። ደላላው 10 በመቶ ያለው 25 ሺህ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፣ እዚህ ላይ ነው ዓይን የሚጋረደው። አከራይ ድረ ገጹና አስተዳዳሪው በድምሩ 30 በመቶ ይውሰዱ፤ 18,396 ይቀራል። ሦስት ሠራተኛ፣ ማለትም ዘበኛ፣ የቤት አጽጂ፣ አትክልተኛና ገንዳ ጠባቂ፣ በዓመት 7,200። መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት፣ የገንዳ መድኃኒት 3,600። ጥገና የቤቱን ዋጋ 1.5 በመቶ፣ 3,750። ኢንሹራንስ፣ የካውንቲ ግብር፣ የመሬት ኪራይ፣ የቱሪዝም ፈቃድ፣ የሒሳብ ባለሙያ 1,500። የቀረው 2,346 ዶላር ነው። ከ265 ሺህ ላይ አንድ በመቶ አይሞላም። ግብር ገና አልከፈላችሁም።

በደንብ የሚተዳደር ጥሩ ቤት 60 በመቶ ሊደርስ ይችላል። 219 ሌሊት፣ 39,420 ዶላር። ወጪውም ትንሽ ጨምሮ 10,900 ገደማ ይተርፋል። 4 በመቶ ማለት ነው። በ2023 እና በ2024 የአሜሪካ መንግሥት የአጭር ጊዜ ቦንድ ያለ ገንዳ ጠባቂ ከ4 በመቶ በላይ ይከፍል ነበር።

እንግዲህ በጥሩ ዓመት 4 በመቶ የሚያወጣ ቤት እንዴት 10 በመቶ ዋስትና ይሰጣል? ለሦስት ዓመት 75 ሺህ ዶላር ነው ቃል የገቡት። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ያለው ዋጋው ውስጥ ነው። አጠገቡ ያለ ተመሳሳይ ቤት ያለ ዋስትና 190 ሺህ ቢሸጥ፣ 60 ሺውን አስቀድማችሁ ሰጥታችኋቸዋል፤ እነሱ በሦስት ዓመት እየቆነጠሩ «ኪራይ» ብለው ይመልሱላችኋል። በገዛ ስባችሁ መጠበስ ነው። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ እውነተኛው ኪራይ ይመጣል፣ ያኔ ቤቱ በ250 ሺህ የሚፈልገው የለም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጠይቂ። አንደኛ፣ ያለ ዋስትናው ዋጋው ስንት ነው? ልዩነቱን ሲነግሩሽ መልሱን አገኘሽ። ሁለተኛ፣ ዋስትናውን የሚፈርመው ማን ነው? ምንም ንብረት የሌለው ትናንት የተቋቋመ ኩባንያ ከሆነ ወረቀት ነው። የባንክ ዋስትና ካመጡ ሌላ ነገር ነው። እስካሁን ያመጣ አልገጠመኝም።

የእንግዳው ነገር በወቅት ነው የሚሄደው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ማርች ዲያኒ ጥሩ ነው። የአውሮፓ ክረምት የሚሸሹት ይመጣሉ፣ የናይሮቢ ሰው ደግሞ ገናንና አዲስ ዓመትን ባሕር ዳር ነው የሚያሳልፈው። ጁላይና ኦገስትም ደህና ነው፣ ፋሲካም እንዲሁ። ከኤፕሪል እስከ ጁን ግን ረጅሙ ዝናብ ነው። ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ የሚሉት ነፋስ የባሕር አረሙን አምጥቶ አሸዋው ላይ ይከምረዋል። ብዙ ሆቴል በዚያ ጊዜ እድሳት ያደርጋል ወይም ይዘጋል። እናንተ በገና ነው ያያችሁት። ሁሉም ቤት በገና ያምራል።

ሌላው ነገር ድንጋጤ ነው። በሜይ 2014 እንግሊዝ ስለ ሞምባሳ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ስታወጣ አስጎብኚ ድርጅቶች እንግዶቻቸውን በአውሮፕላን ሰብስበው ወሰዱ። በ2020 ኬንያ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ዓለም አቀፍ የመንገደኛ በረራ ዘጋች። በእንዲህ ያለ ዓመት ገቢው ዜሮ ይሆናል፣ ዘበኛው ግን ይከፈለዋል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ወጪ በእጅ ሳይኖር መግባት አይገባም። ደግ የሆነው ነገር የአገር ውስጥ እንግዳ ማደጉ ነው። በ2017 የናይሮቢና የሞምባሳ ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቤተሰብ ይዞ መውረድ ቀሏል። ወደ ዲያኒ የሚወስደው የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ሲከፈትም ከሞምባሳ ወደ ደቡብ በሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ቆሞ መጠበቅ የግድ መሆኑ ቀረ። ዲያኒ አጠገብ ኡኩንዳ ላይ ከናይሮቢ መጥቶ የሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን አለ። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ደግሞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይገባል። ብቻ የናይሮቢው እንግዳ በሽልንግ ነው የሚከፍለው፣ ዋጋም ይከራከራል።

ሽልንጉን ካነሳን፣ በ2019 መጨረሻ አንድ ዶላር 101 ሽልንግ ገደማ ነበር። በጃንዋሪ 2024 ወደ 160 ወጣ። ከጥቂት ወር በኋላ ወደ 130 ተመለሰ። በዶላር ገዝታችሁ በሽልንግ የምትሰበስቡ ከሆነ ይሄ መወዛወዝ የእናንተ ነው። በጎው ጎን ኬንያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር የላትም። ግብር ከተከፈለ ገንዘቡን ማውጣት ይቻላል። ለእኛ አገር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ግብሩ ከባዱ ክፍል ነው። ኬንያ ነዋሪ ለሆነ ሰው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ገቢው በዓመት ከ288 ሺህ እስከ 15 ሚሊዮን ሽልንግ ከሆነ ከ2024 ጀምሮ 7.5 በመቶ ታስከፍላለች። ደላሎች የሚነግሯችሁ ይሄን ነው። እናንተ ነዋሪ አይደላችሁም። ነዋሪ ላልሆነ ሰው ከሚከፈል የቤት ኪራይ 30 በመቶ ይቀነሳል፣ ያውም ወጪ ሳይነሳ ከጠቅላላው ላይ። በላይኛው ምሳሌ 26,280 ላይ 7,884 ዶላር ነው። የተረፋችሁ ግን 2,346 ነበር። የአጭር ጊዜ እንግዳ ማስተናገዱን እንደ ንግድ አደራጅቶ፣ ለምሳሌ በኬንያ ኩባንያ አድርጎ፣ በተጣራ ትርፍ ላይ 30 በመቶ መክፈል ይቻላል። ግን ኩባንያ ሲኖራችሁ ለአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ቅጽ 5471 የሚሉት የውጭ ኩባንያ ማሳወቂያ ይመጣል፣ እሱን ያለማቅረብ ቅጣቱ ከ10 ሺህ ዶላር ይጀምራል። በአሜሪካ በኩል የዓለም ገቢያችሁን ሁሉ ታስመዘግባላችሁ። ኬንያ የከፈላችሁት ግብር ሊታሰብላችሁ ይችላል፣ ምንም እንኳ በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ባይኖርም። የቤቱን እርጅና በብዙ ዓመታት ከፋፍላችሁ ታቀናንሳላችሁ፣ መሬቱን ሳይጨምር። ኬንያ የምትከፍቱት የባንክ ሒሳብ ከሌላው የውጭ ሒሳብ ጋር ተደምሮ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ በየዓመቱ ይገለጻል። ስትሸጡ ደግሞ ኬንያ ከትርፉ 15 በመቶ ትወስዳለች፤ እስከ 2022 መጨረሻ 5 ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱንም አገር የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ አንድ ሰዓት ከፍላችሁ አናግሩ።

ቤቱን ራሱን የሚበላው ጨው ነው። ባሕር ዳር ያለ ቤት ናይሮቢ ካለ ቤት ጋር በአንድ ፍጥነት አያረጅም። የኤሲው የውጭ ክፍል፣ ፍሪጁ፣ የበር ማጠፊያው፣ ሁሉም ይዝጋል። የሚያስፈራው ግን የማይታየው ነው። ኮንክሪቱ በባሕር አሸዋ ከተቦካ ወይም ፌሮው በቂ ሽፋን ከሌለው ጨው ይገባል፣ ፌሮው ዝጎ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። በረንዳና ጣሪያ ሥር ዓምድ ላይ ቡናማ መስመር ካያችሁ ቀለም ብቻ ነው አትበሉ። አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ደግሞ የበለጠ ያጠራጥረኛል። በ250 ሺህ ዶላር ግዢ ላይ ለአንድ መሐንዲስ ምርመራ የምትከፍሉት ምንም አይደለም። የጉድጓዱንም ውሃ አስመርምሩ፤ ባሕሩ አጠገብ ብዙ ጉድጓድ ጨዋማ ነው፣ ማጣሪያ ከሌለ ቧንቧውንም ማሞቂያውንም ይጨርሳል። ጣሪያው ማኩቲ ከሆነ፣ ማለትም የኮኮናት ቅጠል ክዳን፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ እንግዳም ይወደዋል። ግን በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፣ እሳትም ስለሚፈራ የኢንሹራንስ ክፍያው ይወደዳል።

ጦጣዎቹንም አትርሱ። ዲያኒ የጉሬዛ ዘመድ የሆኑ ጥቁርና ነጭ ጦጣዎች አሏት፤ እነሱ ጨዋ ናቸው፣ ቅጠል በልተው ይሄዳሉ። ሌሎቹ ጦጣዎች ግን በተከፈተ መስኮት ገብተው የእንግዳውን ቁርስ ይዘው ይወጣሉ። የወጥ ቤቱ መስኮት ወንፊት ከሌለው ወጪ ላይ ጨምሩት።

ለመግዛት ከወሰናችሁ አካሄዱ እንዲህ ነው። የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ፣ ሻጩ ወይም ደላላው የሚያመጣውን አይደለም። የተለመደው ቀብድ 10 በመቶ ነው፣ ቀሪው ብዙ ጊዜ በ90 ቀን ይከፈላል። ቀብዱ በሻጩ ኪስ አይገባም፣ በደላላውም ሒሳብ አይገባም፤ እስኪጠናቀቅ በጠበቃ የአደራ ሒሳብ ይቀመጣል። የመሬት ኪራይና የካውንቲ ግብር የተከፈለበት ማረጋገጫ ይምጣ። ሊዝ ስለሆነ የማዛወር ፈቃድም ያስፈልጋል። ያልተሠራ ቤት በፕላን ብቻ ከሆነ የሚሸጡላችሁ፣ እኔ ባሕር ዳር ላይ ጨርሶ አልመክርም።

ወንድምሽን በተመለከተ አጭር ነው። ነዋሪነቱ ኢትዮጵያ ከሆነ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ገንዘብ አውጥቶ ውጭ አገር ቤት መግዛት ሕገ ወጥ ነው። በሐዋላ ዶላር ልኮ ልግባ ቢል ደግሞ ችግሩ ወደ እናንተ ይመጣል። የኬንያ ጠበቆች የገንዘቡን ምንጭ የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው፣ ምንጩ ያልታወቀ ድርሻም ሙሉውን ግዢ ያጠራጥራል። አይግባ።

ዛንዚባር ሌላ አገር ሕግ ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው። ለውጭ ሰው የተከፈተው የኢንቨስትመንት ባለሥልጣኑ ያጸደቃቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ ነው፣ በ2010 የወጣው የኮንዶሚኒየም ሕግም መንገድ ከፍቷል። እዚያ ሰነዱ ይቀላል፣ ምክንያቱም ከታወቀ አልሚ ነው የምትገዙት። በምትኩ አብዛኛው ገና እየተሠራ ነው የሚሸጠው፣ ስትሸጡም ከራሱ ከአልሚው አዲስ ቤቶች ጋር ነው የምትወዳደሩት። የቱሪስቱ ወቅት ተመሳሳይ ነው፣ ጨውም ያው ነው። ለእናንተ ይበልጣል የምልበት ምክንያት አላገኘሁም።

ታዲያ በስንት ቢሆን ይገዛ? በ50 በመቶ የተያዘ ቤት እንያዝ፤ ከምኞትም ከፍርሃትም መሃል ነው። 182 ሌሊት፣ 32,760 ዶላር። ወጪውን እንደ ቅድሙ ትንሽ ጨምረን ስናነሳ 6,500 ገደማ ይተርፋል። ከግብር በፊት 5 በመቶ ከፈለጋችሁ ሁሉም ወጪ ተደምሮ ቤቱ 130 ሺህ ዶላር ነው የሚያወጣው። በዚህ ዋጋ አይሸጡላችሁም፣ አውቃለሁ። በ130 እና በ250 መካከል ያለው ልዩነት በየዓመቱ ሁለት ሳምንት ባሕር ዳር ለመቀመጥ፣ ጡረታ ስትወጡም እዚያ ለመክረም የምትከፍሉት ነው። ይሄንን ፈልጋችሁ ከሆነ ግዙ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን የልጆቹ የኮሌጅ ገንዘብ ከዚያ ይወጣል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ለአሁኑ ምንም ቀብድ አትስጡ። ደላላውን ሦስት ወረቀት ጠይቁት፦ የካርታው ኮፒ፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት የእንግዳ መዝገብ ከባንክ መግለጫ ጋር፣ እና ያለ ዋስትናው የሚሸጥበት ዋጋ በጽሑፍ። ከቻላችሁ በሜይ ያንኑ ቤት ለአንድ ሳምንት ተከራዩና ዝናቡ ላይ እዩት፤ በዚያ ወር ርካሽ ነው። ወረቀቶቹ ከመጡ የሊዙን ቀሪ ዓመትና ትክክለኛውን የሌሊት ቁጥር ላኩልኝ፣ ሒሳቡን በእነሱ እንደገና እንሠራዋለን።